ከኦቦ ደቻሳ አጥር ሥር የወደቁት ወፎች

ሰኞ፣ ኅዳር 22

መርዝ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ትናንት አመሻሽ ላይ ስትንጫጫ የነበረች ወፍ ጠዋት እንደ ማገዶ እንጨት ደርቃ አትገኝም።

ጥርሴን እየቦረሽኩ ወደ ጓሮ ስወጣ ነው ያየኋት። ከጽድ ዛፍ አጥሩ ሥር፣ በጀርባዋ። ከእነዚያ ጭራ ረጅሞች አንዷ ናት። ግራጫ ናቸው፣ አናታቸው ላይ ቁንጮ አላቸው፣ በመንጋ እየመጡ የሰው ሰላጣ ጨርሰው ይሄዳሉ። ዓይኗ ተከድኗል፣ ጣቶቿ ተጨብጠዋል። በስንጥር ነካ ነካ አደረግኋት፤ ወይ ፍንክች። ሰሞኑን ቡራዩ ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ እያደረገው ያድራል፤ ግን ብርድ ወፍ ሲገድል ሰምቼ አላውቅም። ላባ የለበሰ ፍጡር!

አጥሩ ከጎረቤቴ ከኦቦ ደቻሳ ጋር የሚያዋስነኝ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የእሳቸው ጎመንና ቆስጣ ነው። ሰፈሩ ጾሙን የሚጾመው በእሳቸው ጓሮ ነው ብል አላጋነንኩም። እና ያየሁትን ላስቀምጥ፦

ቆስጣውን በሙሉ መረብ አልብሰውታል። "እነዚህ ሌቦች መከራዬን አሳዩኝ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጽዱን በእሳቸው በኩል ከረከሙት። ወፎቹ ተደራርበው የሚያድሩበትን ጥቅጥቅ ያለውን ቦታ።

ቅዳሜ ማለዳ ደግሞ ከጣሳ ነጭ ነገር እየዘገኑ ቅጠሉ ላይ ሲበትኑ በመስኮት አየኋቸው። ስኳር አይደለም መቼስ።

ወፏን ከግቢው በር አጠገብ ያለው የቆሻሻ ማዳበሪያ ላይ ጣልኳት። ከሰዓት ሳልፍ የለችም። ድመቴን ጠረጠርኩ።

ሳሙና ልገዛ ሐያት ሱቅ ወረድኩ። ትናንት የሸጠችልኝ የአይጥ መርዝ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። "ኮርኒሱ ላይ አሁንም ሠርግ አለ" አልኳት። ከዚያ ወሬ ወሬን አነሣና ስለ ወፏም፣ ስለ ነጩ ዱቄትም ነገርኳት። "ለአንቺ ብቻ ነው" አልኩ። "ኧረ ወላሂ ከእኔ አፍ አይወጣም!" አለችኝ። እኔም አምናት የለ? አላምናትም። ግን ቀለለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ዛሬ ሁለት!

እዚያው ቦታ። አንዷ ሣሩ ላይ፣ ሌላዋ ከጽዱ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ፣ በጣቶቿ ብቻ። ጎትቼ አወረድኳት። ድንጋይ ናት።

የዛሬዎቹን አልጥልም አልኩ። ለአከራዬ ለእማማ የሺ ላሳያቸው ብዬ ከግንቡ አናት ላይ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት በኩል፣ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። እማማ የሺ ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ጠበቅኩ። ሻይ ጠጣሁ። አንድ ስልክ አነጋገርኩ። እሳቸውን ይዤ ስመለስ ግንቡ ባዶ ነው!

"የታሉ ወፎችሽ?" አሉኝ፣ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ።

"እዚሁ ነበሩ፣ በእግዚአብሔር ስም!"

ከአጥሩ ወዲያ ማን ቆሞ ቢታይ ጥሩ ነው? ኦቦ ደቻሳ። ወደ እኛ ግቢ አንገታቸውን አስግገው። ሲያዩን ወደ መሬት አጎነበሱ። "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" አሉኝ፤ ልጄ እያሉ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር። ሰው ማስረጃ አንሥቶ እንዲህ "ልጄ" ይላል?

የእማማ የሺን ከንፈር አየሁት፤ ተጣብቋል። ቅዳሜ የባለቤታቸው ሙት ዓመት ነው። ለድንኳኑ የሚሆነውን ቆስጣና ጎመን ያዘዙት ኦቦ ደቻሳን ነው። አንድ ሙሉ መደብ ለዚያ ቀን ብለው አቆይተውላቸዋል።

ድመቴ ደግሞ ዛሬ በማለዳ ደጃፍ ያለው ምንጣፌ ላይ አስመልሳ ነበር። ይኸውና!

አንድ መልካም ነገር፦ በመስኮቱ ደፍ ላይ ለአይጦቹ ያስቀመጥኩት ቲማቲም ግማሹ ተበልቷል። ቆራርጬ መርዙን ነስንሼ አዲስ ተካሁ። ጎሽ ሰብለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ወሬ እግር የለውም ያለው ማን ነው? ዛሬ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ዞር ብላ "የደቻሳን ጎመን እንዳትገዢ፤ መርዝ ያርከፈክፍበታል፤ ሰባት ወፍ ሞቷል" አለችኝ። ሰባት! ለራሴ ተመልሶ መጣልኝ፣ ወልዶና ከብዶ።

ወደ ሐያት ሄድኩ። "ለማንም አልነገርኩም" አለች። "ለአክስቴ ብቻ።"

እማማ የሺ ትዕዛዙን ሰርዘዋል። ከሆለታ በአይሱዙ ይመጣልኛል አሉ። "በባለቤቴ ስም የመጣ ሰው ሆዱን ይዞ አይሄድም" አሉኝ። ትክክል ናቸው። ትክክል ናቸው አይደል?

ኦቦ ደቻሳ አንድ ቃል አልተናገሩም። ያልበደለ ሰው ይጮሃል፤ ደጅ ወጥቶ "ማን ነው ስሜን ያጠፋው?" ይላል። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ከመረቡ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው የዋሉት። ሳይንቀሳቀሱ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በር ላይ አግኝታኝ ፊቷን አዞረችብኝ። ዶሮዎቿንም ዘግታቸዋለች። ለምን ይዘጋሉ? መርዙ የት እንዳለ ስለሚታወቅ ነዋ!

ለምሠራበት መጽሔት አምዴ አንድ ገጽ ሞነጫጨርኩ። "የጾም ቅጠላችን ከማን ጓሮ ነው?" ስም የለበትም። ሰፈሩ ግን ያውቀዋል። ነገ ከሰዓት ለአዘጋጄ መላክ አለብኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሽፈራው ሰበታ ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተማሪ ነው። ደወልኩለት። "እታለም፣ በወሬ አልመልስልሽም። ካገኘሽ ወፎቹን አምጪልኝ" አለኝ። አመጣልሃለሁ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በማለዳ ወጣሁ። ውርጩ የባሰ ነው። ከጽዱ ሥር አንዲት ጭራ ረጅም፤ ከራሴ መስኮት ሥር ደግሞ ሌላ። ሁለቱንም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨርቅ አንጥፌ አስተኛኋቸውና ከደንኩት። እስክወጣ ድረስ ቀዝቃዛው ጓዳ አኖርኳቸው፣ እንዳይሸቱ።

እስከ አየር ጤና ሰላም ነበር። ከዚያ የሰበታ ታክሲ ያዝኩ፤ ከኋላ ወንበር፣ አራት ሆነን ተጣብቀን። ቆርቆሮው ጭኔ ላይ ነው። ፀሐዩ በመስታወቱ በቀጥታ ይመታኛል፣ ሰዉ ሞቆታል፣ አጠገቤ ያሉት አባባ ያንቀላፋሉ። ዓለም ገና ስንደርስ ቆርቆሮው ኮሽ አለ።

የታክሲው ንዝረት ነው አልኩ።

ኮሽ። ኮሽ ኮሽ። ከዚያ ከውስጥ ደበደበኝ!

"እትዬ፣ ምንድነው የያዝሽው?" አለች ከፊት ያለች ልጅ እግር።

"ምንም። የሞተ ወፍ ነው።"

ምን ዓይነት መልስ ነው? ሰው ሁሉ ዞረ። እኔም ደንግጬ ክዳኑን ከፈት አደረግኩት፤ አንደኛዋ ወፍ እንደ ጥይት ወጣች። ጣሪያውን መታች፣ የሹፌሩን መስታወት መታች፣ አንዲት ሴትዮ ነጠላ ውስጥ ገባችና ወጣች። "በስመ አብ! በስመ አብ!" "ድግምት ነው፣ ውረጂ!" "መስኮት ክፈት!" እኔ ደግሞ "አትክፈቱ፣ ዘመዶቿ ቡራዩ ናቸው!" እላለሁ። አባባ ነቅተው በጋቢያቸው አፈፍ አደረጓትና ወደ ቆርቆሮው መለሷት። ረዳቱ ሳቁን መያዝ አቅቶት "እናት፣ ቅድም የሞተ ካልሽ የሬሳ ሳጥን ነበር ማሳፈር የነበረብን!" ይለኛል።

ሰበታ እስክደርስ ማንም ከአጠገቤ አልተቀመጠም። ከአባባ በቀር።

ሽፈራው በቤተ ሙከራው መስኮት አጠገብ ተቀበለኝ። ነገሬን ሳልጨርስ ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም።

"አልሞተችም ነበር። ሲበርዳትና ሲርባት ሰውነቷን ትቀንሰዋለች" አለኝ።

"እንዴት ነው የሚቀነሰው?"

"ጋዝሽ ሊያልቅ ሲል ምድጃውን እንደምትቀንሺው ነዋ። ልቧ ቀስ ይላል፣ ትንፋሿ አይታይም፣ ሙቀቷ ይወርዳል። ለጠዋት የምትሆነውን ትቆጥባለች። ፀሐይ ሲያርፍባት ትነሣለች።" ብዙ ሆነው ተደራርበው ካደሩ ብርዱን ይችሉታል አለ፤ እንዲህ የምትደርቀው ለብቻ የቀረችዋ፣ ሳትበላ ያደረችዋ ናት። ሱሉልታ ገደል ላይ ያሉትን ሽኮኮዎች አስታወሰኝ፤ ጠዋት ጠዋት እርስ በርስ ተጠጋግተው ድንጋይ ላይ ተለጥፈው ፀሐይ ሳይሞቁ ሣር በአፋቸው አያዞሩም። አይጥም ድመት ስታያት ባለችበት ክው ብላ ትቀራለች፤ ልቧ ግን ውስጥ ውስጡን ሊፈነዳ ነው። "ወፏንም በእጅሽ ስትይዣት ዝም ማለቷ ደህና ሆና አይደለም" አለ። "ትንሽ እንስሳ በድንጋጤ ብቻ ይሞታል። ክዳኑን ለአየር ብሺውና እንዳትነኪያት።"

ማክሰኞ ከግንቡ ላይ የጠፉት። ሰኞ ከማዳበሪያው ላይ የጠፋችው። በርረው ነው! እኔ ደግሞ ሰውዬውን...

ግን ሁለተኛዋ አልተነሣችም። ፀሐይ ላይ እስከ ምሳ ድረስ አቆያት፤ ምንም። ምንቃሯን በጥንቃቄ ከፍቶ አየ። የደረቀ ደም አለበት።

"የአይጥ መርዝ የበላ እንስሳ እንዲህ ይደማል" አለኝ። "አንዳንዴ። ወድቃ ተመትታም ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ነኝ አልልሽም።"

አየህ! አልኩ በልቤ። አንዷ በብርድ ይሁን፣ ይቺ ግን በመርዝ ናት። ነጭ ዱቄት!

ሳይመሽ ቡራዩ ደርሼ የነቃችዋን ጽዱ ሥር ለቀቅኳት። ወደ ውስጥ ገባች። ሌሎቹ ጮኹ። ጽሑፉን ለአዘጋጄ አልላክሁም፤ ነገ ኦቦ ደቻሳን ፊት ለፊት ጠይቄ ነው የምልከው። ታገሰኝ ብዬዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ሄድኩ። በርጩማቸው ላይ ናቸው። የቅዳሜው መደብ ግማሹ ታጭዷል፤ ላሚቱ ፊት ተቆልሎ ትበላዋለች። ለሙት ዓመቱ የተቀመጠው ቆስጣ!

"ኦቦ ደቻሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የአይጥ መርዝ ተጠቅመዋል?"

ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም አስተያየት።

"እኔ? የገዛሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሐያት ነገረችኝ።"



"ማክሰኞ እኔም ግቢሽን ሳይ የነበረው ለዚሁ ነው" አሉ። "ድመትሽ ስታስመልስ ሰማሁ። መርዙን የት አድርጋው ይሆን ብዬ ነው። ጫልቱም ዶሮዎቿን የዘጋችው በአንቺ ነው።"

እኔ እሳቸውን፣ እሳቸው እኔን። ሐያት ደግሞ መሀል ላይ ለሁለታችንም ሳሙና ትሸጣለች!

ጣሳውን አመጡ። ነጩን ነገር በጣታቸው ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። "አመድ ነው። ከምድጃ። ለትሉ።" ለእኔም ዘረጉልኝ። ቀመስኩ። አመድ ነው።

"ታዲያ ይኼ ሁሉ ሲወራ ለምን ዝም አሉ?"

አዴ ጫልቱ ናት ከጓዳ የጮኸችው፦ "ሲከፋው እንደዚህ ነው! ከረቡዕ ጀምሮ እህል አልቀመሰም! አንቺ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስልሻል!"

"ዲሲ፣ ጫልቱ" አሉ በቀስታ። ተዪ ማለታቸው ነው።

ወደ ቤቴ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ደፍ። ቲማቲሙን ብርሃን ላይ አየሁት። አይጥ ስትበላ ትፍቃለች፤ ኮርኒሱ ላይ ያለው እንጨት እንዴት እንደሚመስል አውቃለሁ። ይኼ ግን የተፋቀ አይደለም። የተወጋ ነው። ትንንሽ፣ ሹል፣ አንድ ዓይነት ቀዳዳ። ምንቃር።

ደም የነበረባት ወፍ ከእኔ መስኮት ሥር ነበር የወደቀችው።

መረቡ ቆስጣውን ከለከላቸው፣ ውርጩ አስራባቸው፣ እኔ ደግሞ ቀይ ቲማቲም መርዝ ነስንሼ አቀረብኩላቸው። ድመቷም ያስመለሰችው... አላውቅም። ደህና ናት፤ እያንኮራፋች ነው።

ቲማቲሙን በላስቲክ ጠቅልዬ ጣልኩት። ደፉን በበረኪና አጠብኩ። ጽሑፉን ቀደድኩት። አዘጋጄ "ታዲያ ምን ላትም?" አለኝ። "ባዶ ተወው" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ትናንት ማምሻውን ሐያትን "ወሬውን መልሺው" ብያት ነበር። "ወሬ እንዴት ይመለሳል? ሳሙና መሰለሽ?" አለችኝ። ስለዚህ ራሴው ሄድኩ።

እማማ የሺ ግቢ ድንኳኑ ተተክሏል። ሴቶቹ ከጓሮ ሽንኩርት ይልጣሉ። የሆለታው አይሱዙ በሌሊት መጥቷል፤ ቆስጣው መንገድ ላይ ጠውልጎ ግማሹ አይረባም።

ቆሜ ተናገርኩ። ተቀምጬ ብናገር እንደ ወሬ ይቆጠራል ብዬ ነው። "የኦቦ ደቻሳ ጎመን መርዝ የለበትም። ነጩ አመድ ነው። ወፎቹ አብዛኞቹ አልሞቱም። አንዷ ከሞተች ደግሞ የገደልኳት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ለአይጥ ያስቀመጥኩትን በልታ። ወሬውን የጀመርኩትም እኔ ነኝ።"

ሽንኩርት መላጡን ቀጠሉ።

አንዷ "ያልሞተ ወፍ ደግሞ እንዴት ያለ ነው?" አለች። ሌላዋ "ጋዜጠኛ ስትባል ሁለቱንም ትናገራለች፤ ትናንት ገደለ፣ ዛሬ አልገደለም" አለች። ሳቁ። ሐያት ጥግ ላይ ሆና ስልኳን ታያለች፤ ስልኩ ግን ጥቁር ነው።

እማማ የሺ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "እኔን በባለቤቴ ቀን አሳጣሽኝ" አሉ። "እኔስ ብሆን አንድ ቀን ሄጄ ብጠይቀው ምን ነበረበት። በይ ዘንቢል ያዢ። አንቺው ሂጂና ለምኚው።"

ለመንኩ። በሩ ላይ የቆመችው አዴ ጫልቱ ናት። ካልታጨደው መደብ አንድ ቅጠል ቀንጥሳ፣ ሳታጥብ፣ ሰጠችኝ። "መጀመሪያ አንቺ ብዪ።"

በላሁ። ጥሬ ቆስጣ፣ ከነአመዱ። ጥርሴ ላይ ተንቀጫቀጨ። መንገደኛ ቆሞ አየኝ። አዴ ጫልቱ እስክውጥ ጠበቀች፤ ከዚያ ዘንቢሉን ነጠቀችኝና ሞላችው። ኦቦ ደቻሳ ከጀርባዋ "ከዚያኛው ጨምሪላት፣ ለጋ ነው" አሉ። ብዙ ግን አልቀረም። ላሚቱ ጠግባለች።

ድንኳን ውስጥ ኦቦ ደቻሳም መጥተው ተቀመጡ። ትሪው ሲቀርብ ሰዉን አየሁ። አብዛኛው በላ። ከእኔ ፊት ለፊት የነበሩ ሴቶች ግን ሽሮውን እየጠቀሱ ቆስጣውን ወደ ዳር ገፉት። ኦቦ ደቻሳም አዩአቸው። ከዚያ እንጀራቸውን ቆርሰው መብላት ጀመሩ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ይኼን የምጽፈው ጓሮ ነው፣ በርጩማ ላይ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ።

ኦቦ ደቻሳ ትናንት ማታ ከመረቡ ጥግ ላይ አንዱን ረድፍ ገልጠው ትተውታል። አልነገሩኝም፤ አየሁት እንጂ። ጽዱን ግን የከረከሙትን መልሰው ሊያበቅሉት አይችሉም። ወፎቹ ወደ እኔ በኩል ዞረው፣ አሥር የሚሆኑ፣ እንደ ዘለላ ተንጠልጥለው ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይሞቃሉ።

አንዷ ግን ሥር ወድቃለች። በጀርባዋ። ዓይኗ ተከድኗል።

ሐያት ለድመቴ ወተት ልታደርስ መጥታ አየቻት። "ሞታለች?" አለችኝ በሹክሹክታ፣ አፏ ከአሁኑ ሊሮጥ እየተዘጋጀ።

"ቆይ" አልኳት። "ፀሐይ ይድረስባት።"

"እስኪደርስ እዚህ ልቁም? ሱቁ ክፍት ነው እኮ!"

"ቁሚ።"

ቆመች። ከአጥሩ ወዲያ ኦቦ ደቻሳም ጣሳቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔ ከየትኛው እንደሆነች አላውቅም፤ ከብርዱ ይሁን ከዚያ ቲማቲም። መርዙ ቶሎ እንደማይገድል ሽፈራው በስልክ ነግሮኛል፤ ቀናት ይወስዳል። እሳቸውም ምናልባት ይኼንኑ እያሰቡ ይሆናል፤ ወደ እኔ አላዩም፣ እኔም ወደ እሳቸው።

ጥላው ከግንቡ እየወረደ ነው። ፀሐዩ ጭራዋ ላይ ደርሷል፤ ደረቷ ገና ነው።